ያልተሠሩት አሥራ ሁለት ሙከራዎች

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ለዘጠነኛ ክፍል ሴል አስተማርኩ። ማለቴ... በጠመኔ ሣልኩ፤ ሰባ አንድ ተማሪ ገለበጠ። ራቢዓ ከኋላ እጇን አወጣች። አባቷ ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ ጠዋት ማሳ ውሃ አጠጥታ ነው የምትመጣው።
«ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?»
«ምኑን?»
«ሴሉን።»
«አዎ» አልኳት። ዋሸሁ። ዩኒቨርሲቲ ለአርባ ሰው አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር። ተራዬ ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ። ከጓደኛዬ ደብተር ገልብጬ ዘጠና አመጣሁ። የባዮሎጂ መምህርት ተባልኩ!

ረቡዕ፣ ጥር 7
ቤተ ሙከራው እንዲከፈትልኝ ንብረት ክፍል ሄድኩ። እትዬ ከበቡሽ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።
«ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ፣ ልጄ። አንድ ነገር ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?»
«ካልተነካ ለምን ተገዛ?»
«እሱን የገዛውን ጠይቂ።»
በመስኮት አጮልቄ አየሁ። የተሰባበረ ዴስክ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ከሥሩ የሙከራ ዕቃ ካርቶኖች... ከመጡ ስድስት ዓመታቸው ነው አሉ። እሽጉ እንኳ አልተቀደደም! የንብረት ቁጥር ግን ተለጥፎበታል።

ማክሰኞ፣ ጥር 13
ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰለሞን የመንፈቅ ዓመቱን ሪፖርት ሰጡኝ። «በቤተ ሙከራ የተሠሩ ሙከራዎች፦ 12።» ተሞልቶ ነው የመጣው። የሌላው የባዮሎጂ መምህር የጋሼ ለማ ፊርማ አርፎበታል። የቀረው የእኔ ብቻ።
«አንድም አልሠራንም እኮ።»
«መቅደስ፣ ሁሉም ትምህርት ቤት ለወረዳው የሚልከው ይሄንኑ ነው። ዜሮ ብንል እኛ ብቻ ነን ዓይን ውስጥ የምንገባው።»
ጋሼ ለማ ደጅ ጠበቁኝ። ሃያ ሦስት ዓመት አስተምረዋል። «ፈርሚና ገላግይን። እኔ ስፈርም ኖሬ ምን ሆንኩ?»
ምን ሆንኩ ይላሉ! ልጆቹስ? አምና ከዚህ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያለፉት አራት ናቸው። አራት! እኛ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የልጆቹን ስንፍና ስናማ ከረምን።
አምና እኔም ፈርሜያለሁ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 14
12ቱን ሰርዤ 0 ጻፍኩ። ፈረምኩ።

አርብ፣ ጥር 16
ከአቶ ሰለሞን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። «የመሥሪያ ቤቱን ስም የሚያጎድፍ ተግባር...» ስሙን ያጎደፈው ዜሮው ነው ወይስ ቁልፉ? ደብዳቤውን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።
«ዜሮው ካስከፋዎት በሩን ይክፈቱልኝ። ሠርቼ አንድ ብዬ ልጻፍ።»
አቶ ሰለሞን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ለሚሰበረው ሁሉ ትጠየቂያለሽ?»
«እጠየቃለሁ።»
ንብረቱን በሙሉ በስሜ ተረከብኩ። እትዬ ከበቡሽ ቁልፉን ሲሰጡኝ «እግዜር ይርዳሽ» አሉኝ። ከልባቸው መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 19
ከልጆቹ ጋር ዴስኩን አወጣን። የብልቃጦቹን ጽሑፍ ምስጥ በልቶታል። አዮዲኑ ደርቋል። ከሦስቱ ማይክሮስኮፖች የሁለቱ ሌንስ ሻግቷል... የሰው እጅ ሳይነካቸው ተበላሹ! ልጆቹ ፊት አለቀስኩ። ከንዴት ነው።
ሦስተኛው ይሠራል። ከሥሩ መስታወት ያለው ነው፤ መብራት አይፈልግም። ፀሐይ ይበቃዋል። ፀሐይማ እዚህ ቆላ ምን ጠፍቶ!

ረቡዕ፣ ጥር 21
ራቢዓ ከማሳቸው ሽንኩርት አመጣች። ስሱን ልጣጭ ገፍፌ ቁራጭ መስታወት ላይ አነጠፍኩና ከማይክሮስኮፑ ሌንስ ሥር አስገባሁት። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። አለ... እውነትም አለ። ለክፍሉ ሁሉ «እኔም ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።
ሰልፉ እስከ ደጅ ደረሰ። ደወል ተደወለ፣ የሄደ የለም። የጋሼ ለማ አሥረኛ ክፍሎች ሳይቀሩ ጥለዋቸው መጡ። ጋሼ ተከትለው ደረሱ፤ ፊታቸው ተለዋውጧል።
«ተማሪዎቼን መልሺልኝ!»
ልጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ጎንበስ አሉ። ቆዩ። አንዷ «ጋሼ፣ ተራ...» አለች። አልሰሟትም።
ቀና ሲሉ ድምፃቸው ወርዷል። «ሃያ ሦስት ዓመት ክብ አድርጌ ነው የምሥለው። ይሄ እኮ ረዘም ረዘም ያለ ነው።»
«ሪፖርቱ ሄዷል?» አሉኝ።
«ገና አቶ ሰለሞን ጋ ነው።»
«የ12ቱን ፊርማዬን ሰርዤ ከዜሮው ጎን ልፈርም።»
ፈጠን ብለው ወደ ቢሮ ሄዱ። ተማሪዎቻቸውን ይዞ መሄዱን ረሱት።