ቀኙ ኢንች፣ ግራው ሚሊ

ጥር 6

አራት ጠመንጃ ይዤ ገባሁ። ጠመንጃ ስል ራሴንም ያስቀኛል... ቀለም የሚተፋ መጫወቻ። ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ሜዳችን መጥተው ቀለም ይቀባባሉ፣ ሰኞ እኔ የሰባበሩትን እለቅማለሁ። ብልሽቱ ያው የተለመደው ነው። ከእጀታው ሥር የአየር ሲሊንደሩን መቀመጫ የሚይዙ ሁለት ብሎኖች አሉ፣ የቀዳዳዎቹ ጥርስ ተበልቷል። ብሎኑ ብረት፣ እጀታው አልሙኒየም። አንዱ ጉልበተኛ የብሎን መፍቻ ብሩጎላ ይዞ እስኪንቋቋ ያጠብቀዋል፣ ጥርሱ ዱቄት ይሆናል።

ቤት የማመጣው ለአባዬ ብዬ ነው። አርባ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው፣ እማዬ ሞተች ተብሎ ግድግዳ ሲያይ መዋል የለበትም። ብረት መያዣው ሞርሳ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ታስሮለታል፣ የዕቃ ሣጥኑም አጠገቡ ክፍቱን ይውላል። አንዱን ጠመንጃ ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ "ይሄን ማነው የገደለው?" አለ። ደስ ብሎታል። ሣጥኑን ላስጠጋለት ስል ግን "እጅሽን!" ብሎ ጮኸብኝ። እሺ ባለ ሣጥን።

ጥር 7

አባዬ ለእግር ጉዞ ሲወጣ ሥራውን አየሁት። ሦስቱ ልቅም ያሉ። አራተኛው ላይ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ብናኝ ቀርቶበታል፣ ብሎኑ መሀል ላይ ሲደርስ ይነክሳል። ምንም አይደል፣ ሰው ነው። ግን ደነገጥኩ። ዓይኑ እንደደከመ አውቃለሁ፣ ሻይ ሲቀዳ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ራሴ ላጽዳው ብዬ የብሎን መስመር የሚቀርጹትን ጥርስ ማውጫዎች ከሣጥኑ አወጣሁ። የኢንቹና የሚሊሜትሩ መንታ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። ሁለቱንም መስኮቱ ጋ ወስጄ አንገታቸው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ጠመንጃዎቹ ኢንች ናቸው፣ በኢንቹ አጸዳሁት። ከዚያ ሁለቱንም መልሼ ሻጥኩ።

ሲመለስ "ሥራዬ እንዴት ነው?" አለኝ።

"የአንተን ሥራ ማን ይደግመዋል!"

ከት ብሎ ሳቀ። ከእማዬ በኋላ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ጥር 14

አምስት ሰጠሁት፣ አምስቱም ብልሽት! ኢንች ቀዳዳ ውስጥ ሚሊውን አስገብቶበታል። ብሎኑ ይገባል፣ ይጠብቃልም። ግን የያዘው በሁለት ጥርስ ነው፣ ያውም ከያዘው። ሲሊንደር እዚያ ላይ ታስሮ አየር ከተሞላ...

ልንገረው? "አባዬ አበላሸህ" ማለት በምን አፌ?

ጥርስ ማውጫዎቹን በኪሴ ይዤ ሥራ ቦታ ወሰድኩና ሁሉንም እንደገና ሠራሁ። ቀዳዳውን አስፍቼ፣ ውስጡ ቀለበት መሳይ የብረት ቡሽ ከትቼ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቼ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ፊሽካ አየኝ። የሜዳው ዳኛ ነው፣ ከአፉ ፊሽካ ስለማይጠፋ ነው እንዲህ የምንለው።

"ሥራውን ለሽማግሌው ትሰጫለሽ፣ መልሰሽ አንቺው ትሠሪያለሽ። ምን ይሉታል ይሄን?"

"መጦር ይሉታል።"

"አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሉታል" ብሎኝ ፊሽካውን ነፋብኝ።

ቤት ስገባ አባዬ ሳያየኝ ዕቃዎቹን ሣጥኑ ውስጥ መለስኳቸው።

ጥር 22

ሦስት ጠመንጃ። ሦስቱም ልክ! ለማረጋገጥ ብዬ ኢንቹንም ሚሊውንም አውጥቼ ሞከርኩባቸው። አንድም እንከን የላቸውም። እንዲያው በከንቱ ነው ሳማው የከረምኩት።

ጥር 29

አራት። አራቱም ብልሽት። ሰው እንዲህ ይለዋወጣል? አንድ ሳምንት ጌታ፣ አንድ ሳምንት ጀማሪ?

ማታ እራት ላይ እጁን እያገላበጠ ሲያየው ቆየ። "እጄ አላማረኝም ልጄ። ብሎኑ ሲገባ እንደ ድሮው አይነግረኝም።"

"አርፈህ ብላ፣ አንተ ደግሞ። ሥራህ እንደሆነ ወርቅ ነው።"

ውሸት ለመደብኝ።

የካቲት 6

አላየሁትም። አላየሁትም...

የሜዳው አለቃ በጠዋት ደወለ፣ አርባ ሰው ያለ ቀጠሮ መጥቷል፣ ያለውን ጠመንጃ ሁሉ ይዘሽ ነይ አለ። አባዬ ትናንት የጨረሳቸውን ስድስቱን ሳልፈትሻቸው በከረጢት ጠቅጥቄ ሮጥኩ። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ። ፊሽካ እንደ ልማዱ ለሰው ከመስጠቱ በፊት አንድ በአንድ ሊሞክራቸው ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል። ሦስተኛው ላይ ሲሊንደሩን አስሮ አየሩን ሲለቅ መቀመጫው ከነብሎኑ ተነቀለ። ቱቦው ተበጠሰ። ሲሊንደሩ ተፈናጥሮ አገጩን መታው።

ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የአየሩ ሳይሆን የአጥንቱ።

የካቲት 8

መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በሽቦ አስረውታል።

አለቃው የተነቀለውን እጀታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። "ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ እንዲህ አትሠሪም።"

"እኔ ነኝ አልኩህ እኮ።"

ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። አባዬ በሰባ ዓመቱ ሰው ሰበረ እንዲባል አልፈልግም። አሰናበተኝ። ስወጣ እጀታውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ አልከለከለኝም።

የካቲት 9

ሆስፒታል ሄድኩ። ፊቱ አብጦ ሌላ ሰው መስሏል። መናገር ስለማይችል ሚስቱ ደብተርና እስክሪብቶ አስይዛዋለች። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ መስመር ጽፎ አዞረልኝ።

"ሽማግሌው ሰማ እንዴ?"

አልሰማም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

የካቲት 11

አባዬ ሥራ የለም ወይ ሲለኝ ሜዳው እድሳት ላይ ነው ብዬው ነበር። ዛሬ መነጽሩን ፍለጋ ቦርሳዬን ሲዳብስ እጀታውን አገኘው። ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትንሿን ጣቱን ቀዳዳው አፍ ላይ ያዞራል።

"ኢንች ላይ ሚሊ ገብቶበት ነው የተነቀለ" አለ። ቀጠለና፣ "እኔ ነኝ አይደል?"

እጀታውን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ፣ አልለቀቀውም። 

"ሰው ተጎድቷል?"

ነገርኩት። የፊሽካን መንጋጋ፣ የእኔን መሰናበት። በየሳምንቱ ሥራውን ሥራ ቦታ እየደገምኩ እንደነበርም ነገርኩት። አንዴ ከተጀመረ ሁሉም ይውጣ ብዬ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ገና አልመሸም ነበር።

የካቲት 19

ሞርሳውን ከጠረጴዛው ፈቶ ከአልጋው ሥር ከተተው። ምንም አይነካም። የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። "በሩን ዘጋሁት? እይልኝ።" ዘግቶታል። "ምድጃውን አጠፋሁት? እይልኝ።" አጥፍቶታል። "ሸሚዜ ተዛንፏል? እይልኝ።" አልተዛነፈም። የቀበቶውን ቀዳዳ እንኳ ካላየሁለት አያምንም።

በሕይወቱ ይሄን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። 

የካቲት 23

ሣጥኑ አቧራ እንዳይጠጣ ዕቃዎቹን ዘይት ቀብቼ ላስቀምጣቸው ብዬ አወጣጣሁ። አባዬ ከአልጋው ኳኳታውን ሰማ።

"ስትመልሺ ቀኙ ኢንች፣ ግራው ሚሊ። እንዳታደባልቂ።"

"አንገታቸው ላይ ተጽፎ የለ?"

"ላንቺ። እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ ቁጥር አንብቤ አላውቅም። በየቦታቸው ነው የማውቃቸው።"

እጄ ላይ የያዝኩት ከቀኝ ረድፍ ያወጣሁት ነበር። መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። አነበብኩት።

ሚሊ።

እኔ ነኝ እዚያ የሻጥኩት። ከጥር 7 ጀምሮ እያወጣሁ፣ እያነበብኩ፣ ባገኘሁት ባዶ ቦታ ስሽጥ የኖርኩት እኔ ነኝ። ልክ ቦታቸው ስመልሳቸው ሳምንቱ ልክ። ሳገለባብጣቸው ሳምንቱ ብልሽት። እሱ አንድ ቀንም አልተሳሳተም። እጁን ወደ ቀኝ ሰደደ፣ ከቀኝ አነሳ፣ ይኸው ነው። ያ የመጀመሪያው ብናኝ እንኳ የማንም እጅ ላይ የሚደርስ ነገር ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ለአለቃው ዋሸሁ ስል እውነቱን ነበር የተናገርኩት።

ልንገረው? ብነግረው ይጠላኛል። ባልነግረው ደግሞ እስኪሞት "እይልኝ" እያለ ይኖራል...

የካቲት 24

ነገርኩት። ቁርሱን እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቅሁም።

"አባዬ፣ ሣጥኑን የማደባልቀው እኔ ነበርኩ።"

ኩባያውን አስቀመጠ። "ስንት ጊዜ?"

"በየሳምንቱ። እያነበብኩ... ባዶ ያገኘሁት ቦታ እመልሳቸው ነበር።"

 ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፣ ምነው በጮኸ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቶቹ እንጨቱን ዳበሰው።

"ዓይኔ መሄዱን አውቅ ነበር" አለ። "እጄም የሄደ መስሎኝ ነበር።"

እግሩ ሥር ወደቅሁ። አላነሳኝም፣ አልገፋኝምም። "ለዚያ መንጋጋው ለተሰበረ ልጅ ነገ ሄደሽ ትነግሪዋለሽ" አለኝ። "ሽማግሌው አይደለም በይው።"

ከዚያ ሣጥኑን አምጪ አለኝ። ጥርስ ማውጫዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሰጠኝ፣ እኔ አንገታቸውን አነበብኩለት፣ እሱ በጣቱ ቦታቸውን እየፈለገ ሻጣቸው። ኢንቹን በቀኝ፣ ሚሊውን በግራ። ሲጨርስ ክዳኑን ዘጋና ከሥሩ ትንሽ ቁልፍ አወጣ። ሣጥኑ መቆለፊያ እንዳለው በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ዛሬ ገና አየሁ። ቆለፈው። ሳበው፣ አልተከፈተም። እይልኝ አላለኝም።

ቁልፉን የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።