የፕላስቲኩ ጦረኛ ቀኝ እግር

እኔ ይታያል አስማማው፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ የመኪና ቀለም ቀቢ የነበርሁ፣ ዛሬ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከታች ስማቸው በተጻፈ ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አስጽፋለሁ።

ቀብሬ እንደ አገሩ ሥርዓት ይሁን። ድንኳኑ ለቀስተኛውን ብርድ እንዳይመታው ካደረገ ይበቃል።

ቤቱ ከነግቢው የባለቤቴ የማንጠግቦሽ ነው፤ እሷ ሳለች ማንም አይካፈለው።

በትውልድ አገሬ በሮብ ገበያ ከአባቴ የደረሰኝ ባሕር ዛፍ ለልጄ ለሃኒ ነው። ወንድሞቼ «ሴት ልጅ ባሕር ዛፍ ምን ታደርግበታለች?» ብለው ነበር። ትቁረጠው፣ ትተወው፣ የራሷ ጉዳይ ነው።

ኮምፕሬሰሩና የቀለም መርጫው አብሮኝ ለሠራው ለደመላሽ ይሰጥ። የአፍንጫ መሸፈኛውንም ጨምሬለታለሁ፤ ይልበሰው። የኔን ሳንባ አይቷል።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ ጦረኛ ልምጣ። ቁመቱ ከስንዝር የማይበልጥ፣ ገና ባልመጣ ዘመን ወታደር ይለብሰዋል የተባለ የጦር ልብስ ቅርጽ ነው። ክንዴ የተባለው ወንድ ልጄ ገጣጥሞ ቀለም ጀመረለት። ጭቃ የረገጠ፣ ዝገት የበላው እንዲመስል ፈለገ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መኪና ዝገት ስሸፍን የኖርሁ ነኝና፣ «ደኅናውን ዕቃ ምነው ታስረጀዋለህ?» አልሁት። «አባዬ፣ ያልተሠራበት ልብስ ምኑ ያምራል?» አለኝ። ቀኝ እግሩን በስፖንጅ ጫፍ እየነካካ አዛገው፤ የሮብ ገበያን አፈር ነፍቶ አቧራ አለበሰው፤ እንዳይለቅም በላዩ ቫርኒሽ ረጨበት። በዚያው ሰሞን ታመመና ሞተ።

በቀብሩ አላለቀስሁም። ሰው «ልበ ጠንካራ ነው» አለ። አይደለሁም፤ ምንም አልተሰማኝም እንጂ። ዛሬም አይሰማኝም። የጦረኛውን የቀረ አካል ልጄ እንደጀመረው ዝገቱን በዱቄት ቀለም፣ ጭቃውን በዚያው አፈር ሠራሁለት። ቫርኒሹን ግን አልረጨሁም። እሱን ከረጨሁ ሥራው ያልቃል፤ ካለቀ ደግሞ ጠዋት ተነሥቼ የማደርገው የለኝም።

ለሙት ዓመቱ ተዝካር ቤት ሲጸዳ ማንጠግቦሽ አገኘችው። የልጇን ዕቃ ቆሽሾ እንግዳ እንዳያየው ብላ በሳሙና አጠበችው። የኔ ሥራ ሁሉ ከእጣቢው ጋር ተደፋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት እየኖርን ቃል አልተለዋወጥንም።

ሁላችሁም ጦረኛውን ለሃኒ የምሰጠው መስሏችኋል። ለማንጠግቦሽ ነው። ባሻት ጊዜ ትጠበው። ክንዴ የሠራው እግር ቀለሙ አይለቅም። ያን ዕለት ከታጠበ በኋላ አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ ምንም አልሆነም።

ይህ ቃል በምስክሮች ፊት ተነብቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሲነበብ ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «በምን ልጠበው?» አለች። «በቀዝቃዛ ውሃ» አልኋት። ይኸም ይጻፍ ብዬ አስጽፌ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ይታያል አስማማው (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ቄስ ወልደ ሚካኤል ዓለማየሁ (ፊርማ)
ወይዘሮ ሥራነሽ አብይ (የጣት አሻራ)
አቶ ወንድምአገኝ የኔአለም (ፊርማ)
አቶ የሺዋስ ተገኘ፣ ጸሐፊም ምስክርም (ፊርማ)