የክንዱ ሸሚዝ ቀለም

ውድ ወንድም ጋሼ ክንዱ፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው የት እንዳለህ ነግሮን አያውቅም፤ ሞተ ያለንም የለም። ቢሆንም ሳልነግርህ የቀረሁት ነገር አለኝና ጻፍሁልህ።

እኔ ፍኖተ ሰላም የሥዕል መምህርት ሆኛለሁ። ስትሄድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አሁን ፀጉሬ መሸበት ጀምሯል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ለተመሠረተበት ኢዮቤልዩ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ፣ በየዘመኑ የነበሩ ወታደሮችን ከነልብሳቸው በትንንሹ እንድሠራ ጠየቁኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። የጣት ቁመት ያላቸው አርባ ወታደሮች ከጄሶ አወጣሁ። አርበኞቹንና የንጉሡን ዘመን ክቡር ዘበኞች ፎቶግራፍ እያየሁ ቀባኋቸው፤ አላስቸገሩኝም። የደርጉ ወታደር ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘ።

ቀለሙን መቀላቀል ከባድ ሆኖ አይደለም። ቢጫ ላይ ጥቁር ጠብ ስታደርግ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ይወጣል። በጣም ከደመቀ በብሩሽ ጫፍ ቀይ ታስነካዋለህ። አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠቁር መጀመሪያ ትንሽ ታፈካዋለህ። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ያን ሰሞን ግን አሥራ አንድ ጊዜ ቀላቅየ አሥራ አንድ ጊዜ ደፋሁት። ብሩሹን ነክሬ ውኃው አረንጓዴ ሲሆን፣ አንተ ከቆጡ ስትወርድ ይታየኛል።

ጎረቤቴ አያ አለበል በደርጉ ጦር ውስጥ ስድስት ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ቀለሙን እንዲያዩልኝ ጠራኋቸው። አንዱን ወታደር አንሥተው አገላበጡት።

«ይኸ እኮ ልክ ነው፣ ልጄ። ምኑን ነው የምትደፊው?»

«አይደለም፣ አያ። የውስጡ እንዲህ አልነበረም።»

«የምኑ ውስጥ?»

ወታደሩን ከእጃቸው ተቀበልሁ። የቆቡ ውስጥ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።

በ1981 ዓ.ም. ወጣቱን ለጦርነት ሲያፍሱ፣ ቡሬ ገጠር ግቢያችን የገቡት ሦስት ወታደሮች ነበሩ። አንተ ቆጥ ላይ ከበቆሎው ጀርባ ተደብቀሃል። እምየ ከሁለቱ ጋር ትከራከራለች፤ «መተማ ወርዷል፣ አረም ሊያርም» ትላለች። ሦስተኛው እኔ ጋ መጥቶ ተንበረከከና ቆቡን አውልቆ ራሴ ላይ ደፋልኝ። ቆቡ ዐይኔን ሸፈነው። ውጭው በፀሐይ ነጥቶ የደረቀ ሣር መስሎ ነበር፤ ውስጡ ግን ገና እንደ አዲስ፣ ጥቁር አረንጓዴ። የላብና የሳሙና ሽታ ነበረው።

«ወንድምሽ የት ነው፣ የኔ ቆንጆ?» አለኝ።

እኔም ከቆቡ ሥር ሆኜ በጣቴ ወደ ቆጡ አሳየሁት። ሲያወርዱህ ዐየኸኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ነሐሴ ላይ እምየ ልትጠይቀኝ መጣች። ወታደሮቹ መስኮቱ ሥር ተደርድረው ይደርቁ ነበር። አንዱን አነሣችና ወደ ብርሃኑ አዙራ ዐየችው።

«እነዚያ ናቸው» አለች።

«እምየ፣ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።» ከአፌ አመለጠኝ።

ወታደሩን ቀስ ብላ ቦታው መለሰችው። «አውቃለሁ። ጣትሽን ስታነሺ ዐይቼሻለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? ልጅ ነበርሽ። አንድ ቀን ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብየ ጠበቅሁ።» ወደ መስኮቱ ዞረችና፣ «አንዳንድ ቀን ግን ፊትሽን ማየት ያቅተኝ ነበር» አለች።

አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም። እስክጨርስ ጠብቃ፣ «እሱንም ሥሪልኝ» አለችኝ። «ወታደር አድርገሽ እንዳይሆን። ከቤቱ እንደወጣ አድርጊልኝ።»

«ምን ነበር የለበሰው?»

ይህን ስጠይቅ በራሴ አፈርሁ። የዚያን ሰውየ ቆብ እስከ ክሩ አስታውሳለሁ፤ የአንተን ልብስ ግን ከነጭራሹ አላስታውስም።

እሷ ታስታውሳለች። ቁምጣህ ቡናማ ነበር። ሸሚዝህ ሰማያዊ፣ ቀኝ ክርኑ ላይ ራሷ የጣፈችው። ምስሉን ከጄሶ አውጥቼ ስቀባ አጠገቤ ተቀምጣ ታዘኝ ጀመር።

«ይኸ የአዲስ ነው፤ የእሱማ ብዙ ታጥቧል። ነጭ ጨምሪ። ኧረ በዛ! አመድ የመሰለ ነገር ነበረበት።»

ከጥቁሩ በመርፌ ጫፍ ጠብ አደረግሁበት። ሲደርቅ ጠቆረባት። እንደገና ቀላቀልሁ፤ አሁንም አልሆነም። በአራተኛው ምስሉን ከእጄ ተቀብላ እፍ እፍ እያለች ራሷ አደረቀችው።

«ይኸው» አለች። በማግስቱ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቡሬ ይዛህ ሄደች።

ዐውደ ርእዩ መስከረም ላይ ተከፈተ፤ ሰዉ ወታደሮቹን አደነቀልኝ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እምየ ደወለች።

«ለቄሱ ነገርኋቸው» አለችኝ። «ፍትሐት ይደረግለት።»

እስከ ዛሬ ዘመድ ይህን ባነሣባት ቁጥር፣ «በቁሙ ላለ ልጅ ፍትሐት አይደረግም» ብላ ነበር የምታባርረው። ለምን ልቧ እንደተመለሰ ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ቀኑ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ላለው እሑድ ተቆርጧል።

ወንድም ጋሼ፣ በሕይወት ካለህ ከዚያ እሑድ በፊት ቡሬ ና። ደጁ ላይ ቆሜ እኔው እቀበልሃለሁ፤ ያደረግሁትንም ዐይንህን እያየሁ እነግርሃለሁ። ካልመጣህ ስምህ ከሙታን ጋር ሲጠራ ከእምየ ጎን ቆሜ እሰማለሁ።

የጠቆመችብህ ታናሽ እህትህ፣
አቻምየለሽ
ፍኖተ ሰላም