አብርድ ቱቦ ውስጥ ገባች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ

ለአንጀቴ ልጅ፣ ለመድኃኒት ባለሙያዋ፤

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ አልፎ አልፎ ወገቡን ያመዋል፤ አንቺ ስትደውይለት ግን እንደ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣል። ምን እንደምታወሩ አይነግረኝም፤ እኔም አልጠይቀውም። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ድምፁን አዳምጣለሁ፤ ከሳቀ ልጄ ደህና ናት ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ብዕር ስላላነሳሁልሽ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። በቃ ከደስታው ልጀምር፤ ሌላው በየመንገዱ ይምጣ። አብርድ ቱቦ ውስጥ ገባች! አዎ፣ ያቺው በጣሳ የምተክላት፣ አንቺ በልጅነትሽ "እማዬ አረም ታሳድጋለች" እያልሽ ጎረቤት የምታስቂባት ቅጠል። ስሟ ቁጥር ሆኖ በነጭ ቱቦ ላይ ተጽፎ አሁን ፊት ለፊቴ ተጋድማለች። ባዶውን ነው የሰጡኝ፤ የተሞላው ገና ከላቦራቶሪ አይወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ በሆስፒታሉ ላውንደሪ አንሶላ እየተኮስኩ ሳለሁ አንዲት ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ወጣት በእንፋሎቱ መሃል መጣች። የሥራ ባልደረባዬ ብረቷ (ትኩስ ነገር በባዶ እጇ ስለምትይዝ ነው እንዲህ የምንላት) በማሽኑ ጩኸት ላይ ጮኸችብኝ፦ "ዶክተር መጥታልሻለች፣ ምን አጠፋሽ?"

ልጅቷ የመድኃኒት ተመራማሪ ናት። "እናቴ፣ ለቃጠሎ የሚቀቡትን ቅባት ለማየት ፈልጌ ነው" አለችኝ።

"የቱን ቅባት?"

"በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል፣ በሦስተኛው ጣሳ ካለችው ቅጠል የሚሠሩትን።"

ቤቴን አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም። "ማን ነገረሽ?" ስላት መነጽሯን አውልቃ ትጠርግ ጀመር። የት እንደተማረች ጠየቅኋት፤ ያንቺን ትምህርት ቤት ጠራች፣ ዓመቱም ያንቺው ነው። ሌላ ጥያቄ አልጨመርኩም። አንዳንዱን ነገር እያወቁ ዝም ሲሉት ይጣፍጣል።

ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በበሩ አልፌያለሁ፤ ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር። ፀጉሬን በቆብ ሸፈኑልኝ፣ ነጭ ጋዋን አለበሱኝ። ጋዋኑን ሳየው እኔው የተኮስኩት ነው፤ የአንገቱን እጥፋት የትም ባየው አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ቅባቱን ትተው ቅጠሉን ብቻ ከኔ ተቀብለው በምድጃ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በውሃ አፈሉት። ጀርም በዘሩባት የመስታወት ሳህን ላይ ቢያንጠባጥቡት ጀርሙ ምንም አልመሰለው፤ እንዲያውም የወፈረ ነው የመሰለኝ። ቀጥለው በአልኮል ሞከሩ። ትንሽ ሠራ፤ ግን ክሬም ሊያደርጉት ሲሉ እንደተበላሸ ወተት ውሃው ለብቻው፣ ስቡ ለብቻው ሆነ። አለቃቸው ረጅም፣ ወረቀት የሚወድ ሰው ነው። "አንድ ሙከራ ቀርቷችኋል፤ እሱም ካልሆነ ፋይሉ ይዘጋል" አለ። የመነጽሯ ፊት አመድ መሰለ። መነጽሯ የምላት ተመራማሪዋን ነው።

ያኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። "ልጄ፣ እኔ እኮ አብርድን ምድጃ አስገብቻት አላውቅም።"

"ታዲያ እንዴት ነው የሚያደርቋት?"

"በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኛት ቦታ። ከዚያ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ስምንት ቀን ትተኛለች። አትፈላም፤ ከፈላች ሞተች።"

ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "እናቴ! ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? ቅጠሉን ጠየቃችሁኝ፣ ቅጠሉን ሰጠኋችሁ።"

አለቃውም ሳይቀር ሳቀ። በማግስቱ ዘይቱን እኔው አሞቅኩት። "ስንት ዲግሪ ይሁን?" አለችኝ። የእጄን አንጓ ወደ ማሰሮው አስጠግቼ "አሁን በቃ" አልኳት። ቴርሞሜትሯን ነከረች፤ አርባ። አቀዝቅዘን ደግመን አሞቅነው፤ አርባ። ለሦስተኛ ጊዜ፤ አርባ አንድ። "በይ እንግዲህ ቴርሞሜትርሽን አሠሪው" አልኳት። ዕድሜ ለእንፋሎት መተኮሻው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙቀት አስተምሮኛል።

ቅጠሉ ዘይት ውስጥ በተኛበት ስምንት ቀን ነው ሌላው ነገር የመጣው። መነጽሯ ሌላ የማዘጋጀው ነገር ካለ ልትመዘግብ ፈልጋ ጠየቀችኝ፤ ለሆድ ቁርጠት የማፈላውን ቅርፊት ነገርኳት።

"ለማን ለማን ይሰጣሉ?"

"ለጎረቤት ሁሉ። ጫማ ሰፊው በየቀኑ ነው የሚጠጣው።"

"እሱ ሌላ መድኃኒት ይወስዳል?"

"ለልቡ፣ ደም ማቅጠኛ።"

ብዕሯ ቆመ። ከአፏ የወጣው ያንቺ ቃል ነው፤ ያንቺው ቃል፣ በሌላ ሰው ልጅ አፍ። ቅርፊቱ የማቅጠኛውን ጉልበት ይጨምረዋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደም አልቆም ሊል ይችላል አለችኝ።

ልጄ፣ ከመሄድሽ በፊት ያን ቀን፣ ስለዚሁ ቅርፊት በጎረቤት ፊት "እማዬ፣ ሰው ልትገድይ ነው" ስትዪኝ እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። ምክንያቱን ስታስረጂኝ ንዴት ጆሮዬን ደፍኖት ነበር። "ያሳደገሽ ይሄ እጅ ነው፤ ካልወደድሽው ሂጂ" አልኩሽ። ጉዞሽ ድሮም የተቆረጠ ነበር፤ ግን ሳንሳሳም ሄድሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ "ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው" እያልኩ ኖሬያለሁ።

ወዲያው ከመነጽሯ ጋር ጫማ ሰፊው ዘንድ ሮጥን። ለካ ድዱ መድማት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እኔ ብቻ አልሰማሁም። "ለምን ደበቅከኝ?" ስለው "እርስዎን ላስቀይም?" ይለኛል። እጁን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኩት። ደሙን መረመሩለት፣ የመድኃኒቱን መጠን አስተካከሉለት፣ ቅርፊቱን አስተዉት። አሁን ፍጹም ደህና ነው፤ ሆዱን ሲቆርጠው ወደ ሐኪም ይሄዳል፣ እኔ ዘንድ ለወሬ ብቻ ነው የሚመጣው። እኔም ዛሬ ዛሬ በሬን ያንኳኳ ሰው ምን እንዳመመው ከመንገሩ በፊት ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳይነግረኝ አያልፍም። አባትሽ "ቤታችን ኬላ ሆነ" ይላል።

በዘጠነኛው ቀን ዘይቱን አጠለልነው። በማግስቱ መነጽሯ ሳህኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አሳየችኝ፤ ጠብታው ባረፈበት ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ወጥቷል። ጀርሙ ወደዚያ ድርሽ አላለም። ተቃቅፈን ዘለልን፤ ቆቤ ወለቀ፣ አለቃው "ቆብ! ቆብ!" እያለ ጮኸብን።

የሷንም ለሷ ልስጥ። ቅባቱን የሚያጠነክረውን ሰም በምን ያህል እንደምትጨምረው፣ ከምን ጋር ቢዋሃድ እንደማይለያይ ያገኘችው እሷ ናት። የኔ ቅባት ወር ሳይሞላው ይሸታል። የሷ ግን በሙቅና በቀዝቃዛ ቁምሳጥን እየተፈራረቀ ሦስት ወር ቆይቶ እንደተሠራበት ቀን ነው።

ከዚያ በሰው ላይ መሞከር መጣ። አርባ ስምንት ሰዎች፤ በወጥ ቤት፣ በዳቦ ቤት፣ በላውንደሪ ቀለል ያለ ቃጠሎ የደረሰባቸው፣ ሁሉም ተነግሯቸው በፈቃዳቸው የገቡ። ለግማሾቹ የተለመደው የሆስፒታል ቅባት፣ ለግማሾቹ አብርድ። ቱቦው አንድ፣ መልኩ አንድ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቁም። "እኔስ?" አልኩ። "እርስዎማ በተለይ!" አለችኝ። አሽትቼ ልለይ ብል ሽታውን እንኳ አመሳስለውታል፣ ሌቦች!

ብረቷም ክንዷን መተኮሻው ገርፏት ገባችበት። "የኔዋ ያንቺዋ ናት፤ በሁለተኛው ቀን እንቅልፌን ለጠጥኩ" እያለች ሰፈር ለሰፈር አወራችልኝ። ሲገለጥ የሷ ለካ የሆስፒታሉ ኖሯል! አሁን ስሟን ስጠራት ፊቷን ታዞራለች።

የተገለጠው ባለፈው ዓርብ ነው። በተለመደው ቅባት ቁስሉ በአማካይ በአሥራ አራት ቀን ሲድን፣ በአብርድ በአሥር ቀን ድኗል። አራት ቀን! አራት ቀን ማለት ለዳቦ ጋጋሪ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። መነጽሯ "ገና ነው እናቴ፤ ትልቁ ጥናት ይቀረናል፣ ከዚያም ፈቃድ" ትለኛለች፤ ትላለች ግን እንባዋ ይወርዳል። ብረቷ ሽንፈቷን ረስታ እልልታዋን አቀለጠችው። አባትሽ ደግሞ አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ተኛ።

አሁን የቀረው አንድ ቅጽ ነው። የእውቀቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚመዘገብበት ነው፤ ነገ ሌላ ሰው "የኔ ነው" እንዳይል። የራሴን ስም ካስጻፍኩ በኋላ ከሥሩ ያንቺን አስጻፍኩ። አለቃው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "ልጅዎ ምን አደረገች?" አለኝ።

"እኔ የማውቀውን ለእናንተ፣ የማላውቀውን ለኔ የነገረች እሷ ናት" አልኩት። መነጽሯ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"መልካም፤ ቅጹን በፖስታ እንላክላትና ፈርማ ትመልስልን" አለ።

"የለም፤ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነው የምትፈርመው" አልኩት። ወረቀት የሚወደው ሰውዬ ተቆጥቶ ደንቡን ሊያነብልኝ ነው ስል፣ ቅጹን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። እስከ ሚያዝያ ይጠብቃል ብሏል፤ ፋሲካም ያኔ ነው።

ፈጣሪ የምትቀምሚውን ሁሉ ፈውስ ያድርግልሽ፤ እጅሽን ከቃጠሎ፣ ልብሽን ከቂም ይጠብቅልኝ። በሄድሽበት ሁሉ እንደኔ የሚወድሽ፣ ከኔ ቀድሞ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ