የአባቴን ፊት ላሳነሳችሁልኝ የፎቶ ማሳያ ባለቤቶች

ይድረስ፣ ስልኬ ላይ ያለችውን የፎቶ ማሳያ አፕ ለሠራችሁ የተከበራችሁ ትልልቅ ሰዎች በሙሉ፤

እንደምን ከረማችሁ? ጤናችሁ እንዴት ነው፣ ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? እኔም ደህና ነኝ ልላችሁ ነበር፣ ግን ውሸት አልችልበትም። የምጽፍላችሁ ከምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፣ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ስህተቴን በትልቅነታችሁ እለፉልኝ።

አባቴ ከጠፋ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ። አናጢ ነበር፣ አሁን ግን ይረሳል፣ እኔን ልጁን አንዳንዴ "እትዬ" ይለኛል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሮጥ በሩን ሳልቆልፍ ወጣሁ፣ ስመለስ ጫማውም የለም እሱም የለም። ፎቶ ደግሞ አይወድም፣ "እኔ ምን መልክ አለኝና!" ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ያለችኝ አንዲት ፎቶ ናት፣ ጣውላ ሲልግ ሳያየኝ ያነሳሁት። ከግራ ቅንድቡ በላይ ጣውላ ፈንክቶት የቀረው ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ትጋታችሁ። የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ላሠራ ፎቶ ቤት ሄጄ ትልቅ አድርገህ አትምልኝ ስለው፣ ሰውዬው አየና "እህቴ፣ ይሄ ሰው ነው ወይስ የተደፋ ቀለም?" አለኝ። ሳለቅስ ሲያይ ደንግጦ አስረዳኝ፤ ለካ ስልኬ ቻርጅ ላይ በሆነ ቁጥር እናንተ ከጀርባ ሆናችሁ ፎቶዎቼን እየጨመቃችሁ ታሳንሱልኝ ኖሯል፣ ያነሰውንም መልሳችሁ መላልሳችሁ፣ ዓመት ሙሉ። እኔ ተኝቼ እናንተ ስትደክሙ!

ሁለተኛ፣ ስለ ትህትናችሁ። አልጠየቁኝም ብል ነውር ነው፣ ጠይቃችኋል። አንድ ቀን ረጅም ጽሑፍ መጣ፣ ከሥሩ "እሺ" ይላል፣ እኔም እሺን ነካሁ። እጄ ሳሙና ነበር፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ደግሞም ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ እያልኩ ነው። እሺ ማለት የአባትሽ ጠባሳ ይጥፋ ማለት ነው ብሎ ማን ይንገረኝ?

ሦስተኛ፣ ፖሊሱ "ምልክቱ የታለ ልጄ?" ሲሉኝ ፎቶው ላይ በጣቴ አሳየኋቸው፣ ጣቴን ሳነሳ እዛ ያለው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ነገር ብቻ ነው። ቢሆንም ለጠፍነው፣ ሦስት ሰው ደወለልኝ፣ ሦስቱም ጋ እየሮጥኩ ሄድኩ፣ ሦስቱም የሌላ ሰው አባት። አንዱ እንደውም "መጣሽ ልጄ?" ብለው እጄን ጨብጠው ያዙኝ፣ ማስለቀቅ አቃተኝ። የአባቴን ፊት ለሽማግሌ ሁሉ እንዲሆን አድርጋችሁ ስላሰፋችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ስልኬ ላይ ግን ብዙ ቦታ ተርፎኛል። እንዳትቀየሙኝ እንጂ፣ ቦታ ጠበበኝ ብዬ ለማን ነገርኩ?

ዕድሜያችሁን ማንም ሳይጨምቀው ያርዝምላችሁ እያለች፣ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳችሁ፣
ልብስ አጣቢዋ፣ የአናጢው ልጅ

ደግሞ፦ ጽፌ እንደጨረስኩ ከሆስፒታል ተደወለ። አስከሬን ክፍል ስማቸው ያልታወቀ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጠባሳ አላቸው ወይ ብላቸው "ቅንድባቸው ላይ አንድ ነገር አለ፣ የድሮ ይሁን የአሁን አልለየንም፣ ፎቶ ላኪና እናስተያይ" አሉኝ። ላክሁ። "በዚህ አይለይም፣ አንቺው ገብተሽ እዪ" አሉኝ። ፎቶው ደህና ቢሆን እነሱ አይተው ይነግሩኝ ነበር። አሁን አስከሬን ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ የክፍሉ ሠራተኛ ግቢ እያለኝ ነው። ዋናውን ፎቶ የሆነ ቦታ አስቀርታችሁት ከሆነ፣ በእናታችሁ፣ ሳልገባ ላኩልኝ።