የዳማ ትንፋሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠ. 12፡30

ለእሽቅድምድሙ ልምምድ ዛሬም ሁለት ዙር። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ፈረሱ ዳማ ግን አልተንሸራተተም። ከመታጠፊያው እስከ ዋርካው ሠላሳ ሦስት ሱብሃነላህ። አባቴም እንዲህ እየቆጠረ ነበር የሚጋልበው፣ ሰዓት አስሮ አያውቅም። ዛሬ ግን ዋርካው ጋ ሳልደርስ ቁጥሩ ሞላ። ዘገየን ብዬ ኮለኮልኩት። ዳማ አረፋ ደፈቀ።

አባ ዳማ ከዛፉ ሥር ቆመው ያዩኝ ነበር። የፈረሱ ባለቤት ናቸው፤ በፈረሳቸው ስም ነው አገር የሚጠራቸው። ፈረሱ አልዘገየም፣ የሮጠው ምላስህ ነው አሉኝ። እየቆጠርክ ማንን ታስብ ነበር? ማንን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ ደብተሬ። በአላህ ስም መሐል የዚያን ጠላቴን ስም ሳመነዥክ ነበር። አስተግፊሩላህ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከጁምዓ በኋላ

ጊንጆ ሰፈር፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ያ ጠላቴ ከማል! የየቡ ከተማው ጋላቢ። አምና እሽቅድምድሙ ላይ የሠራኝን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አንደኛው ዙር ላይ ጎኔ ሆኖ ጅራፉን ያነሳል፣ ያወርዳል። ፈረሱን ግን አይነካም፣ አየር ነው የሚገርፈው። እኔ ጅሉ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ዳማን ለቀቅኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ የዳማ ትንፋሽ አለቀ። ቆመ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየ! ከማል እየሳቀ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጫት ባለበት ሁሉ ይህንን ያወራል።

ዛሬም ሲያየኝ እጁን አነሳ፣ አወረደ። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ወላሂ አልምረውም!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ማለዳ

አባ ዳማ ቁርጡን ነገሩኝ። ዳማ በእሑዱ እሽቅድምድም ዘንድሮም ትንፋሽ ካጠረው ለጋሪ ይሄዳል። የማይሮጥ ፈረስ የሚቀልቡበት አቅም የላቸውም። እሳቸውም ሲናገሩ ፈረሱን አላዩትም።

ዳማ ከጋሪ! ልቤ ስንጥቅ አለ። ዛሬ ከማልን ከራሴ አውጥቼ ቆጠርኩ። ሠላሳ ሦስት፣ ልክ ዋርካው ላይ። ሱታ፣ ሱታ፣ እንዲህ ቀስ በል አሉኝና የዳማን አንገት ዳበሱ።

እሑድ፣ ኅዳር 21። ከመግሪብ በኋላ

በዛሬው እሽቅድምድም ከማልን ተበቀልኩት!

አንደኛው ዙር ላይ ያንኑ የአየር ጅራፉን ጀመረ። ዞር ብዬም አላየሁት፣ ቆጠራዬን ቀጠልኩ። ሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ ደረስኩበት። ግራጫው ፈረሱ አንገቱ በላብ ርሷል። ዳማ ግን ገና ነው፣ ከጭኔ ሥር ይሰማኛል፣ ትንፋሹ የተረፈ ነው። ማለፍ እችል ነበር።

አላለፍኩም። ልጓሙን ያዝ አድርጌ ጅራፌን አየር ላይ አነሳሁ። ከማል ደንግጦ ፈረሱን ገረፈ፣ የእውነት። ደግሜ አነሳሁ። ደግሞ ገረፈ። የፈረሱ ትንፋሽ ሲያልቅበት ጎኑ ሆኜ አየሁ። ግራጫው ተንገዳገደ፣ ቆመ። ሕዝብ ፊት! ጣፈጠኝ፣ አልዋሽህም።

ቀና ስል አንድ የደዶ ወረዳ ጋላቢ ሁለታችንንም አልፎ ገብቷል። ሁለተኛ ወጣሁ።

አባ ዳማ አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ! ትንፋሽ አጠረው፣ አርጅቷል፣ አንተ ምን ታደርግ ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ባለጋሪው ሐሙስ ይወስደዋል። እኔም ኮርቻውን ፈትቼ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ጠ. 1፡00

አልተኛሁም። ዳማ ትንፋሽ ነበረው። የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ለቂሜ ስል። ይህን ከነገርኳቸው ኮርቻውን ይነጥቁኛል። ከማልም መስማቱ አይቀርም፤ ጅማ ሙሉ ይስቅብኛል። ካልነገርኳቸው ደግሞ ዳማ ከሐሙስ ጀምሮ የአሸዋ ጋሪ ሊጎትት ነው። ከማልን እንዴት እንደጠላሁት! አሁንም እጠላዋለሁ። ይሳቅ።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ከቤት ሳይወጡ እደርስባቸዋለሁ። ሰላም እንዳልኳቸው፣ ሻይ ሳይጋብዙኝ በፊት፣ አባ ዳማ፣ ፈረሱ አላረጀም፣ ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።