ከኋላ የተጠራ ስም

ከካራኮል በላይ ካለው መንደር፣ ነሐሴ አጋማሽ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ

ለተከበሩትና ለምሳሳልዎ እናቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎም በደጅዎም ላይ ይሁን። ይህ ወረቀት ሲደርስዎ ጉልበትዎ ቀለል ብሎልዎት፣ አፕሪኮቱን አውርደው ጨርሰው ጣራው ላይ ሲያሰጡ እንዲያገኝዎ ዱዓዬ ነው። ላሚቱ ወለደች? ያ አጥርዎን የጣለው የጎረቤት በሬስ አደብ ገዛ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። እበላለሁ፣ ፈረሶቹን አያለሁ፣ ሶላቴን በሰዓቱ እሰግዳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ዘይት አግዬ ሊጥ እጠብሳለሁ፤ ሽታው ለሙታን ይደርሳል ብለው አባቶቻችን እንዳስተማሩን። እጄ ግን አልለመደም። ሽታው ለልጅዎ፣ ለሚስቴ ለቡሩል፣ ደርሷት ከሆነ «ምነው አንቱ፣ አሳረሩት!» ሳትል አትቀርም።

ፊደል ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ወደ ፈረስ ሥራ ስሄድ «የአንተ ጽሕፈት የፍየል መንገድ ነው፤ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል» ያሉኝን አልረሳሁም። ዛሬም እንደዚያው ነው። ቀይ እስክሪብቶዎን ለዛሬ አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ለሌላ ሰው ሰጥተው አያስነብቡት።

በሚኒባሱ ሾፌር እጅ የላኩት ደብዳቤ በሐምሌ ደርሶኛል። የመቃብሯ ድንጋይ እንደተገዛ፣ መልኳ እንደተቀረጸበት፣ ከመልኳ በታች የመጨረሻ ቃሏ እንዲጻፍ እንደፈለጉ ጽፈውልኛል። ጠራቢው በረዶ ሳይወድቅ መጨረስ አለብኝ ስላለ ቃሉን አንድም ሳይጎድል በእጄ ጽፌ እንድልክ አዘዙኝ። ሾፌሩ በሳምንቱ መጥቶ መልሱን ሲጠይቀኝ ፈረስ እየጫንኩ ነው ብዬ ሸኘሁት። በሁለተኛው ሳምንት እስክሪብቶ ጠፋብኝ አልኩት። እሱም «ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ቤትዎ'ኮ ከሱቁ ጋር ግድግዳ ነው የሚጋራው» ብሎ ስቆብኝ ሄደ።

እናቴ፣ ቃሉ የለኝም።

የቀብሯ ዕለት ኮሌታዬን ይዘው «ምን አለች? ልጄ ምን አለችህ?» ሲሉኝ፣ ራሷ ጉልበቴ ላይ ነበር ብዬ ነገርኩዎት። የእምነት ቃሏን፣ ሸሃዳዋን፣ አለች አልኩዎት። ቀጥላም «እናቴ ያጠባችኝን ወተቷን ሐላል ታድርግልኝ፤ ዕዳውን ይቅር ትበለኝ» አለች አልኩዎት። ያን ጊዜ እርስዎ ከሬሳዋ ፊት ተንበርክከው «ነጩን ወተቴን ሐላል አድርጌልሻለሁ ልጄ፣ በሰላም ሂጂ» አሏት። እኔንም ግንባሬን ስመው «ብቻዋን አልተውካትምና አላህ ብቻህን አይተውህ» ብለው መረቁኝ። በሙት ዓመቷ ድግስ ላይ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ቆመው ያንኑ ነገሩት። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የፈረስ ሥጋ እየከተፍኩ ነበር። ጣቴን ቢላዋ እንደቆረጠኝ ያወቅሁት ጎረቤቴ እጄን ሲይዘኝ ነው።

ራሷ ጉልበቴ ላይ አልነበረም። ስደርስ በርዳ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሆነው። ተራራ ሊያዩ የመጡ እንግዶችን የመራሁበት ጉዞ ሦስተኛ ቀን ነበር፤ ከላይኛው ሐይቅ ዳር አድረናል። የተራራው በር፣ ከላይ ያለው ማለፊያ፣ ለፈረስ አይሆንምና ፈረሰኛው ማምቤት ዕቃውን ጭኖ እንደ ወትሮው በሸለቆው በኩል ዞረ። እኔ እንግዶቹን ይዤ በእግር ወደ በሩ ወጣሁ፤ በሩን አልፈን ታችኛው ሐይቅ ላይ ከማምቤት ጋር እንገናኛለን። ቡሩል እሳቱን አጥፍታ፣ የሰፈርንበትን አጽድታ ከኋላ ትመጣለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ሁልጊዜም እንግዶቹን መንገድ ላይ ደርሳ ትቀድማቸዋለች። ጧት «ግራ ክንዴ ከብዶኛል» ብላኝ ነበር። ትናንት የተሸከምሽው ድስት ነው አልኳት።

ጠጠሩ ከእግር ሥር የሚሸሽበት ዳገት ላይ ስንደርስ ጉም መጣ። እንግዶቹን አንድ በአንድ አሳልፌ እኔ መጨረሻ ሆንኩ። ያን ጊዜ ከበታቼ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሴት ድምፅ ስሜን ጠራ።

ስሜን ነው የምልዎ። እርስዎ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ልጅዎ ሠላሳ አንድ ዓመት በቤቴ ስትኖር ስሜን አንድ ቀን በአፏ አላለችውም። የባሏን ስም የምትጠራ ሴት እናት የላትም ብለው ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ቤት ውስጥ «አንቱ» ነኝ፤ ከራቅሁ «ኧረ እርስዎ ሰውዬ!» ነኝ። ጋብቻ ስናስመዘግብ ጸሐፊዋ የባልሽ ስም ማነው ብትላት «ደጅ ላይ ፈረስ ይዞ የቆመው ብለው ይጻፉልኝ» ብላ ቢሮው በሳቅ ሲፈርስ እርስዎም ነበሩ። የጎረቤታችን ልጅ ሞክሼዬ ስለሆነ እሱን እንኳ «ያ ትንሹ» ነበር የምትለው።

እንግዶቹ ሁሉ ከላዬ ናቸው። ሚስቴ ስሜን አትጠራም። ታዲያ ከጂን በቀር ማን ቀረ? በተራራ ላይ ከኋላህ ስምህን ለሚጠራህ አትመልስለት፣ አትዙርለትም ተብለን ነው ያደግነው። አልዞርኩም። አያተል ኩርሲን መቅራት ጀመርኩ፤ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ደግማ ጠራች። ይበልጥ ፈጠንኩ።

ቁርአን እየቀራሁ ከገዛ ሚስቴ ሸሸሁ፤ እናቴ።

ታችኛው ሐይቅ ስንደርስ ማምቤት እሳት አንድዶ ይጠብቀናል። እኔ ቡሩል ድካም ተሰምቷት ከፈረሶቹ ጋር ዞራ ይሆናል ብዬ ነበር። የት አለች ብዬ ስጠይቀው «ለእኔ ነው እንዴ ያስረከቧት? ወይስ የእኔን ሾርባ ሊያስበሉን ጥለዋት መጡ?» ብሎ ቀለደ። ተመልሼ ሮጥኩ።

ከጠራችኝ ቦታ በታች መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ ሄድኩበት ነው። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ቶሎ ብደርስ ትተርፍ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬም አልጠየቅሁትም። ሸሃዳዋን ብላ እንደሆነ አላህ ያውቃል። እኔ ከአፏ የሰማሁት ስሜን ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችውን አደብ ያስጣላት ምን ያህል ቢጨንቃት ነው እያልኩ ከሶላት በኋላ ምንጣፉ ላይ እቀራለሁ። ኢማሙ አንድ ቀን ዱዓህ ረዘመ አሉኝ። ዱዓ አልነበረም።

ደብዳቤዎ ከመጣ በኋላ ይህን ሁሉ ልጽፍልዎ ተቀምጬ አቃተኝ። ወደዚያ መንገድ ላለመሄድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበብ ስፈጥር ነበር። ባለፈው ወር ግን ስምንት እንግዶች መጡ ሲሉኝ እሺ አልኩ። ቃሉን ካጣሁበት ቦታ ሄጄ ልፈልገው ብዬ ነው። የሞኝ ሐሳብ ነው፤ ግን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

የቡሩልን ቦታ የያዘችው ኤልኑራ የምትባል የካራኮል ተማሪ ናት። የእንግዶቹን ቋንቋ ታስተረጉማለች፤ ምግብም ታበስላለች ይባላል። ማምቤት የመጀመሪያውን ቀን ሩዝ ቀምሶ «እህቴ፣ ይህን ለፈረሱ የብረት ጫማ መምቻ እናስቀምጠው» ቢላት «አንተ ብላና ጫማህን አስመታ» አለችው። ልጅቷ ምላስ አላት፤ ወደድኳት።

ከእንግዶቹ መካከል ቦዜና የምትባል የሰባ ዓመት ሴት ነበረች። ገና ከመኪናው ስትወርድ የሁላችንንም ስም ጠየቀች፤ ሁላችንንም በስማችን ትጠራለች። በአገራቸው ነውር አይደለም። የእኔ ስም ግን በአፏ ውስጥ ይሰበርባታል፤ መካከሉን ትውጠዋለች፣ መጨረሻውን ትጎትተዋለች። ማምቤት «ባይኬ፣ ይኸው አዲስ ስም ወጣልዎት፤ አሮጌውን ለውርንጭላዬ ይስጡልኝ» እያለ መንገዱን ሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከላይኛው ሐይቅ በኋላ ግን አልሳቅሁም።

ሦስተኛው ቀን ከፊት ሆንኩ። ከኋላ መሆን አልቻልኩም። መጨረሻ እንድትሆን ያዘዝኳት ኤልኑራን ነው። ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ያ ዳገት ላይ ስንደርስ ግን ጉሙ መጣ። ቦዜና ለመጸዳዳት ከድንጋይ ጀርባ ዞር ስትል ኤልኑራ ሳታያት አልፋት መጥታለች። ይህን በኋላ ነው ያወቅነው።

ስሜ ተጠራ። ከበታቼ፣ የሴት ድምፅ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ከእንግዲህ ሌላ መናገር አልችልም። ያን ጊዜም እግሬ አልቆመም። ሁለት ዓመት አልቅሼበት፣ አሁንም ከንፈሬ በራሱ መቅራት ጀመረ። ሰባት እርምጃ ሄድኩ። ስምንተኛው ላይ እንደገና ተጠራሁ፤ ያን ጊዜ ዞርኩ።

ሌሎቹን ከኤልኑራ ጋር አስቁሜ በጠጠሩ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ቦዜና ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ፣ ከንፈሯ ነጥቶ ተቀምጣለች። እጅጌዬን ያዘችና ስሜን እንደ ልማዷ እየሰበረች ደጋግማ ጠራችው። አዘልኳት። በሩን አልፌ ታችኛው ሐይቅ ድረስ እያሳረፍኩ ተሸክሜያት ወረድኩ። ማምቤት ከሩቅ አይቶ «ኧረ ባይኬ፣ በስተርጅና ሚስት ጠልፈው መጡ!» ብሎ ጮኸ። ስቀርብ ፊቴን አየና ቆቡን አወለቀ። እሱ የማያውቀው ነገር የለም፤ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ሻይ ላይ ቦዜና በኤልኑራ አፍ አመሰገነችኝ። ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ጠራሁት፤ እንደጠራሁት ወዲያው በጠጠሩ ሲወርድ ሰማሁት አለች። እኔ ሁለት ጊዜ አይደለም ወይ አልኩ። ኤልኑራ ጠየቀቻት፤ አንድ ጊዜ አለች። ደግመሽ፣ ደግመሽ ጠይቂያት አልኳት። ኤልኑራ «ባይኬ፣ ሦስቴ አስጠየቁኝ'ኮ፤ ሴትዮዋ ያላመንኳት ሊመስላት ነው» አለችኝ። አንቺስ ጠርተሽኝ ነበር ወይ ብላት በአላህ ማለችልኝ፤ እሷ እንደ አገሩ ልጅ ባይኬ እንጂ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

የዞርኩለት ሁለተኛው ጥሪ የቦዜና ነው፤ የተሰባበረው። የመጀመሪያው ግን የዛሬ ሁለት ዓመት እንደሰማሁት ሙሉ ነበር። አንድም አልጎደለውም።

ከዚህ በላይ አልጽፍልዎም። እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ የጎደለውን ማንበብ ያውቃሉ።

ድንጋዩ ላይ የነገርኩዎትን አያስጽፉ። ሸሃዳን በሐሰት ከአፏ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በድንጋይ ላይ አልደግመውም። ስሟና ዘመኗ ይበቃል። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። ወተትዎን ሐላል ያደረጉላት በእኔ ቃል ነውና፣ እባክዎ አንድ ጁምዓ መቃብሯ ላይ ሄደው እንደገና ይበሉላት። እሷ መጠየቂያ ጊዜ አላገኘችም። ለራሴ የምለምነው የለኝም።

በትምህርት ቤት መዝገብ በስሜ ይጠሩኝ ነበር፤ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ግን «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ሾፌሩ ማክሰኞ ይመለሳል። መልስዎ እንደ ድሮው በ«ልጄ» ቢጀምር ግንባሬን መሬት ላይ እደፋለሁ። እንደ ባዕድ በስሜ ቢጀምርም ይገባኛል፤ አልቀየምም። በየትኛውም ቢጠሩኝ፣ ከእንግዲህ እዞራለሁ።

አላህ ጉልበትዎን ያጽና፤ የዓይንዎን ብርሃን አይንሳዎት፤ የበረዶውን ወራት በሙቀት ያሻግርዎ። የልጅዎን መቃብር ብርሃን ያድርግላት።

አሚን ይበሉልኝ።

የሴት ልጅዎ ባል